የመጨረሻው ቤት፤ ያረጀና የታመመ በቀቀን ስለ መቀበል



ወደ ቤታችን የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ወጣትና ጤነኛ፥ መልኩም ያማረ ቢሆን ኖሮ፥ እንግዳ መቀበል እንደ በጎ ሥራ ባልተቈጠረም ነበር። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በማግሥቱ ብር፥ እያደረ ግን መዳብ ይሆናል መባሉም፥ ፈተናው በደጃፍ ላይ ሳይሆን ከደጃፍ በኋላ በሚከተሉት ቀኖች መሆኑን ለማስረዳት ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንናገርለት እንግዳ ግን ሰው አይደለም፤ አርጅቶና ታሞ አሳዳሪ ያጣ በቀቀን ነው።

ስለ አንድ ወፍ ይህን ያህል መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ውሻና ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከጌታቸው ቀድመው ይሞታሉ፤ ከበቀቀን ወገን ትልልቆቹ ግን ጌታቸውን ቀብረው የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በመልካም ከተያዘ ከ40 እስከ 60 ዓመት መኖር ይችላል። እንግዲህ ሰው በጕልማሳነቱ ቢገዛው፥ እርሱ ሸምግሎ እጁ ሲንቀጠቀጥ ወፉ ገና የሚቀረው ዕድሜ አለ። ስለዚህ በቀቀን የማሳደር ልማድ በበዛበት አገር ሁሉ፥ ይልቁንም በአሜሪካና በአውሮጳ፥ ጌታቸው የሞተባቸው ወይም ወደ አረጋውያን ማደሪያ የገባባቸው ወፎች ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም ወጣቶቹና ጤነኞቹ ቶሎ ሰው ያገኛሉ፤ ሽማግሌዎቹና በሽተኞቹ ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ።

የምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ ያደረገውን መናገር ከደረቅ ምክር ይሻላልና፥ አስቀድመን እርሱን እንናገር።

ይህ ቤተ ሰብ ኢትዮጵያዊ ሲሆን የሚኖረው በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ወይዘሮዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ በመርዳት ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። በ2021 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የሚረዷቸው አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ጕልበታቸው ደክሞ ወደ አረጋውያን ማደሪያ እንዲገቡ ተወሰነ። ማደሪያው ወፍ አይቀበልም ነበር። ባልቴቲቱ ደግሞ ብዙ ዘመን አብሯቸው የኖረ አንድ ግራጫ በቀቀን ነበራቸው። ሴት ልጃቸው የምትኖረው በሩቅ ግዛት ነው፤ የደረት በሽታም ስላለባት ከዚህ ወፍ ላባ ዘወትር ከሚረግፈው ነጭ ትቢያ ጋራ በአንድ ቤት መኖር አትችልም። ከጎረቤት የመጡትም ሰዎች እያዩት ተመለሱ።

የተመለሱበትም ምክንያት ግልጥ ነበር። ወፉ የደረቱንና የክንፉን ሥር ላባ በገዛ ምንቃሩ ነቅሎ ስለ ጨረሰው፥ ቆዳው እንደ ተነጨ ዶሮ ይታይ ነበር። የግራ ዐይኑን ነጭ ነገር ጋርዶታል። ዘመኑን ሁሉ የበላው የሱፍ ፍሬ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀንም ከቆመበት እንጨት ላይ በድንገት ይወድቅና ይንቀጠቀጣል። ባልቴቲቱ ይህን ሁሉ የእርጅና ነገር ነው ብለው ቈጥረውት ነበር።

ወይዘሮዋ ነገሩን በቤታቸው ባነሡ ጊዜ ባላቸው አልተስማሙም። «ሦስት ልጆችና አንዲት ሽማግሌ እናት ባሉበት ቤት የታመመ ወፍ ማምጣት፥ አምጥቶም መቅበር፥ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» አሉ። አነጋገራቸው የክፋት አልነበረም፤ ወጪውንና የልጆቹን ኀዘን አስቀድሞ ያየ የአባት ንግግር ነበር። ይህን ጊዜ አያትየዋ፥ ማለት የባልየው እናት፥ ዝም ብለው ሲሰሙ ቈይተው፥ «ልጄ፥ እኔንም እኮ ከአገሬ ያመጣኸኝ ከሸመገልሁ በኋላ ነው፤ ያውም ከነስኳሬና ከነደም ብዛቴ» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ ክርክሩም በዚያው አለቀ።

አንባቢ ሆይ፥ ቤተ ሰቡ ከዚህ በኋላ ያደረገውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወፉን በዚያው ቀን ወደ ቤት አላመጡትም። ወይዘሮዋ አስቀድመው የወፍ በሽታ ለይቶ ወደሚያውቅ ሐኪም ወሰዱት። ምሕረት ያለ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ለሚቀበለውም ለሚሰጠውም ጕዳት ነውና፥ ይህ የመጀመሪያው መልካም ሥራቸው ነበር።

ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የተመለከተው የወፉን እግር ነው። በእግሩ ላይ መጋጠሚያው የተከፈተ የብረት ቀለበት ነበረ። በሰው እጅ የተፈለፈለ በቀቀን ብዙ ጊዜ ገና ጫጩት ሳለ መጋጠሚያ የሌለው ድፍን ቀለበት ይገባለታል፤ እግሩ ካደገ በኋላ እንዲህ ያለው ቀለበት ሊገባ አይችልምና። ከዱር ተይዘው ወደ አሜሪካ ይገቡ የነበሩት ወፎች ግን ተለይተው በሚቈዩበት ጣቢያ የሚደረግላቸው ቀለበት መጋጠሚያው የተከፈተ ነበር። አሜሪካ ከዱር የተያዙ ወፎች ለንግድ እንዳይገቡ የሚያግደውን ሕግ ያወጣችው በ1992 ዓመት ነው። እንግዲህ ይህ ወፍ ከዚያ አስቀድሞ ከአፍሪካ ዱር ተይዞ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ እንደ ሆነ፥ ዕድሜውም ቢያንስ 30 ዓመት ያህል እንደ ደረሰ ታወቀ። የዚህ ወፍ ወገን የሚኖረው ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ጀምሮ በኮንጎ ደኖች አልፎ እስከ ኡጋንዳና እስከ ምዕራብ ኬንያ ድረስ ነው። አያትየዋ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «እንግዲያስ ጎረቤታችን ነዋ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮም «ሽማግሌው» ብለው ሰየሙት፤ የቤቱም ሰዎች ሁሉ በዚሁ ስም ጠሩት።

(የዚህ ወፍ ወገን በንግድ ምክንያት ቍጥሩ እጅግ ስለ ቀነሰ፥ በ2016 ዓመት በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት መንግሥታት ከዱር የተያዘው ከአገር ወደ አገር ለንግድ እንዳይተላለፍ ወስነዋል፤ ውሳኔውም ከ2017 ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ጸንቷል።)

የደሙ ምርመራ በመጣ ጊዜ የመንቀጥቀጡ ምክንያት ታወቀ። እርጅና አልነበረም፤ በደሙ ውስጥ ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ማነስ ነበር። የሱፍ ፍሬ ቅባቱ ብዙ፥ ካልሲየሙና ቪታሚን ኤው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ግራጫው በቀቀን ደግሞ ከሌሎቹ በቀቀኖች ይልቅ በካልሲየም ማነስ የሚጠቃ ነው። ከዚህም በላይ ሰውነቱ ካልሲየምን ለመጠቀም የፀሓይ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ በመስኮት መስተዋት አልፎ የሚገባው ብርሃን ግን ዐይንን ከማስደሰት በቀር ለዚህ ጕዳይ አይረዳም፤ የሚፈለገውን የብርሃን ወገን መስተዋቱ ያስቀረዋልና። ይህ ወፍ ከ25 ዓመት በላይ በመስተዋት አጠገብ ተቀምጦ ፀሓይ ተርቦ ኖሯል። የጌቶቹ ፍቅር አልጐደለበትም፤ የጐደለው ዕውቀት ነው።

ሐኪሙ ሌላም ነገር መረመረ። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ፤ በ1929ና በ1930 ዓመታት ከደቡብ አሜሪካ በመጡ በቀቀኖች ምክንያት በብዙ አገር ተሰራጭቶ ሰዎችን ገድሏል። ዛሬ በመድኀኒት የሚድን ነው፤ ሆኖም ልጆችና ሽማግሌዎች ባሉበት ቤት ይህን ሳያስመረምሩ ወፍ ማስገባት ድፍረት እንጂ ደግነት አይባልም። ምርመራው ነጻ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻም ሐኪሙ ያልሸሸገው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የልቡ ደም ሥሮች በእርጅናና በቅባት ብዛት ደንድነዋል ብሎ እንደሚጠረጥር ነው። መንቀጥቀጡን ማቆም፥ ጕልበቱንም መመለስ ይቻላል፤ ዕድሜውን ግን ማንም አይመልስለትም አላቸው። ወይዘሮዋም ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ወፉን ተቀበሉት።

በቤት ውስጥ የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ማንም ካላሰበበት በኩል ነው። አያትየዋ በየቀኑ ቡና ያፈላሉ፤ ቡናውን ይቈላሉ፥ እጣንም ያጤሳሉ። ሐኪሙ ግን ጢስ የሚባል ነገር ሁሉ እንዳይደርስበት ብሎ በጥብቅ አስጠንቅቆ ነበር። የወፍ ሳንባ እንደ እኛ ሳንባ አይደለም፤ በሰውነቱ ውስጥ ከተዘረጉት የአየር ከረጢቶች ጋራ ተያይዞ፥ አየሩ በአንድ አቅጣጫ ዘወትር እንዲያልፍበት ሆኖ የተሠራ ነው። ለመብረር የሚረዳው ይህ ብልኀት፥ በአየር ውስጥ ያለውንም መርዝ ከእኛ ፈጥኖ እንዲቀበል ያደርገዋል። በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ድረስ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ወደ ጕድጓድ ይዘው ይገቡ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መርዙ ሰውን ሳይጥል እርሷን ይጥል ነበርና።

አያትየዋ ይህን ሲሰሙ አልተደሰቱም። «እጣን የሌለበት ቡና ጨው እንደ ሌለው ወጥ ነው፤ እኔ ሽማግሌ ይምጣ አልሁ እንጂ ቡናዬ ይቅር አላልሁም» ብለው ለሦስት ቀን አኰረፉ። በአራተኛው ቀን ግን ወፉን ሲመለከቱ፥ በተነፈሰ ቍጥር ጅራቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ አዩ። ልጃቸውንም ይህ ምንድር ነው ብለው ጠየቁ። የትንፋሽ ማጠር ምልክት እንደ ሆነ በነገሯቸው ጊዜ ረከቦቱን አንሥተው ወደ በረንዳ ወጡ። በክረምቱ ብርድ ጊዜ ቡናውን ተቈልቶ እንዲመጣላቸው አደረጉ፤ እጣኑንም ተዉት። ይህን የምንጽፈው አያትየዋን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የታመመ እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ እንደሚገባ ለማሳሰብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሐሳቡን ያመጣው ሰው አይሆንምና።

ከጢስ ሌላ፥ ምግብ እንዳይዝበት ተብሎ በቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ሽታው ሳይታወቅ ወፍን በጥቂት ደቂቃ ይገድላል። የትንኝ መርጫ፥ የላምባ ምድጃ፥ የከሰል ጢስ፥ ሲጋራ፥ ሽቶም ሁሉ ይጐዱታል። ከምግብም ወገን አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው፤ ቸኮላታና ቡናም እንደዚሁ። አልኮል ያለበት መጠጥና ጨው የበዛበት ወጥ አይሰጠውም። ቃሪያ ግን፥ የሚያስደንቅ ቢሆንም፥ አያቃጥለውም፤ ወፎች የቃሪያን ማቃጠል አይሰሙምና። ቀይ ቃሪያ ቪታሚን ኤ ስላለበትም ይጠቅመዋል። ሽማግሌው ከአዲሱ ምግብ ሁሉ አስቀድሞ የወደደው ይህንኑ ነበር፤ የቤቱም ሰዎች «ነገሩስ ያገራችን ሰው ሳይሆን አይቀርም» ብለው ሳቁ።

የምግቡ መለወጥ ራሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ዘመኑን ሁሉ አንድ ነገር የበላ ሽማግሌ ወፍ አዲሱን ምግብ ምግብ መሆኑን አያውቀውም፤ አሮጌውን በአንድ ቀን ቢነሡት ሙሉ ሳሕን ፊት ቆሞ በረኃብ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሱፉን ፍሬ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ፥ በእንክብል መልክ የተዘጋጀውን የወፍ መኖ፥ ጎመን፥ ካሮት፥ ዱባና የተቀቀለ ስኳር ድንች እየጨመሩ አራት ወር ያህል ፈጀባቸው። ወይዘሮዋ በፊቱ ተቀምጠው እየበሉ ያሳዩት ነበር፤ ወፍ ብቻውን የማይነካውን ከሰው ጋራ ሲሆን ይቀምሰዋልና።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጃቸው አንድ ሥራ ተሰጠው። በየጥዋቱ ወፉ ምግብ ሳይቀምስ በትንሽ ሚዛን ላይ እያቆመ ክብደቱን በደብተር ይጽፋል። ወፍ በተፈጥሮው በሽታውን ይሸሽጋል፤ በዱር የታመመ መስሎ የታየ ወፍ አዳኝ አውሬ አስቀድሞ የሚይዘው እርሱን ነውና። ላባውን ነፍቶ ዐይኑን ጨፍኖ በቤቱ ወለል ላይ በተቀመጠ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። ሚዛን ግን የተሸሸገውን ይናገራል። የዚህ ወገን ወፍ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ነው፤ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛውን ያጣ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት። በሁለተኛው ዓመት በአንዱ ሳምንት ውስጥ የሽማግሌው ክብደት ከ441 ወደ 409 ግራም ወረደ። ወፉ ይበላል፥ ይጮኻል፥ ምንም ምልክት አልነበረበትም፤ አባትየውም «ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል» አሉ። ልጁ ግን በሚዛኑ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር አስቀምጦ ትክክል መሆኑን አሳያቸው። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ በሳንባው ውስጥ ሻጋታ ያመጣው በሽታ መጀመሩ ተገኘ፤ ብዙ ወራት መድኀኒት ወስዶም ዳነ። የልጁ ደብተር ባይኖር ኖሮ አይድንም ነበር።

ስለ እርጅናውም የተደረገው ነገር ከባድ አልነበረም። ዐይኑ አንዱ ስለ ተጋረደ የሽቦ ቤቱን ዕቃ ስፍራ አይለውጡበትም፤ ወደ እርሱ ሲቀርቡም አስቀድመው ድምፅ ያሰማሉ፤ በድንገት የተነካ ዕውር ወፍ ቢነክስ ጥፋቱ የነካው ሰው ነውና። እግሮቹ በቍርጥማት ስለ ደከሙ የሚቆምባቸው እንጨቶች ዝቅ ብለው ውፍረታቸው ልዩ ልዩ ሆነ፤ አንዱም በለስላሳ ጨርቅ ተጠቀለለ። ቢወድቅ እንዳይጐዳ ወለሉ ላይ ፎጣ ተነጠፈ። ሌሊት ዐሥር ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል በጨለማና በጸጥታ ይተኛል። በበጋ ቀንም ከነቤቱ ወደ ደጅ ወጥቶ፥ ግማሹ ጥላ በሆነበት ስፍራ፥ ያለ መስተዋት ፀሓይ ይሞቃል። መንቀጥቀጡም በሦስተኛው ወር ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰበትም።

ላባው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ይህን ማወቅ ይገባል፤ ብዙ ሰዎች በፍቅር ብቻ ወፉ እንደ ገና የሚያምር እየመሰላቸው ይቀበሉና ሳያምር ሲቀር ይሰለቻሉ። ላባ የመንቀል ልማድ ከበሽታ፥ ከብቸኝነት ወይም ከሁለቱም ይመጣል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ምክንያቱ ቢወገድ እንኳ ልማዱ ይቀራል፤ ብዙ ዘመን የተነቀለበትም ስፍራ ዳግመኛ አያበቅል ይሆናል። በቍጣና በቅጣትም አይተውም፤ ይብስበታል እንጂ። የሽማግሌው ደረት እስከ መጨረሻው ቀን ራቁቱን ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ድምፁ እንናገር። ወፉ በመጣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገረም ነበር። በአንድ ሌሊት ግን መብራቱ በጠፋ ጊዜ፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፥ «ደኅና እደር፥ ውዴ» አለ። ድምፁ የወፍ ድምፅ አልነበረም፤ ፍጹም የባልቴቲቱ ድምፅ ነበር። ልጆቹ ደንግጠው ተነሡ፤ አያትየዋም አማተቡ። ወይዘሮዋ ግን በማግሥቱ ወደ ማደሪያው ስልክ ደውለው ስልኩን በወፉ አጠገብ ያዙ። ባልቴቲቱ ሲናገሩ ወፉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ከዚያም እርሳቸው በሕይወታቸው ሁሉ ይስሉት የነበረውን ደረቅ ሳል ሳለ። ባልቴቲቱ ሳቁ። ከዚያም በኋላ በየእሑዱ ይደወል ነበር፤ እስከ 2022 ዓመት ክረምት ድረስ። በዚያ ክረምት ባልቴቲቱ ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሴት ልጃቸው ወፉን ለማየት መጣች። ሻይ ቀረበላት፤ ለደረቷ እንዲስማማትም መስኮቶቹ ተከፈቱ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች፤ ወፉ ግን ዝም አለ። ልትሄድ ተነሥታ ካፖርቷን ስትለብስ ሳለ። እርሷም በሩን እንደ ያዘች ቆመች። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተናገረች ወይዘሮዋ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ይህ ወፍ የሚናገረውን ያውቃል ወይስ እንደ ገደል ማሚቶ መመለስ ብቻ ነው? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር በ1977 ዓመት አንድ ግራጫ በቀቀን ገዝተው አሌክስ ብለው ሰይመው 30 ዓመት አስተምረውታል። አሌክስ ከ100 በላይ ቃላት ያውቅ ነበር፤ የዕቃዎችን ስምና ቀለም ይናገራል፥ እስከ ስድስትም ይቈጥራል። በ2007 ዓመት ሞተ። እንዲህ ያለ አእምሮ ያለው ፍጥረት ለብቻው ሲተው መጨነቁና ላባውን መንቀሉ አያስደንቅም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም እያንዳንዱ መለየት ይጐዳዋል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የጻፍንበት ዋናው ነገር ይህ ነው። ያረጀና የታመመ በቀቀን እንዲቀበል የተለመነ ሰው አልችልም ቢል አይነቀፍም። የሚነቀፈው ዛሬ በርኅራኄ ተቀብሎ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ቤት የሚፈልግለት ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «አሳዝኖኛልን?» የሚለው አይደለም፤ «የእኔ ቤት የመጨረሻው ቤቱ ሊሆን ይችላልን?» የሚለው ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮችን መመልከት ያሻል። አንደኛ፥ በቤቱ ያለው አየር ይስማማዋልን? የቤቱስ ሰዎች ስለ እርሱ ልማዳቸውን ለመተው ፈቅደዋልን? ሁለተኛ፥ ወፍ የሚያውቅ ሐኪም በአቅራቢያ ይገኛልን? ገንዘቡስ አለን? ለታመመ ወፍ የሚወጣው ዋጋ ወፉን ለመግዛት ከሚወጣው ሊበልጥ ይችላልና። ሦስተኛ፥ እኔ ብሞት ወይም ብታመም ማን ይረከበዋል? ይህ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባዋል። ባልቴቲቱ ወፉን ይወዱት ነበር፤ ነገር ግን ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለ ቈዩ፥ ወፉ ያለ ቦታ ሊቀር አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው።

በአገራችን ላሉትም አንባቢዎች አንድ ቃል እንጨምር። ኢትዮጵያ የራሷ በቀቀኖች አሏት፤ ከነዚህም አንዱ፥ ግንባሩ ቢጫ ሰውነቱም አረንጓዴ የሆነው፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። እነዚህ በየደናቸው ሊቀመጡ የተገባቸው ናቸው፤ ማንም ከዛፍ አውርዶ በሽቦ ቤት ሊያኖራቸው አይገባም። እኛ የተናገርነው ቀድሞውኑ በሰው እጅ ስለ ገባው፥ ወደ ዱርም ሊመለስ ስለማይችለው ነው።

ሽማግሌው በቨርጂኒያው ቤት ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ኖረ። በ2024 ዓመት በመከር ወራት ትንፋሹ እያጠረ ሄደ፤ ደብተሩም የክብደቱን መቀነስ በየቀኑ ይመሰክር ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ መድኀኒት ሥቃዩን ከማስረዘም በቀር እንደማይረዳ ነገራቸው፤ እነርሱም ተመካክረው በሰላም እንዲያርፍ ፈቀዱ። በዚያ ሰዓት በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት የነበሩት ባልየው ናቸው። በግቢያቸው ካለው ዛፍ ሥር ጕድጓዱን የቈፈሩትም እርሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን «አምጥቶም መቅበር» ያሉት ነገር እንዳሉት ሆነ። ሆኖም ከዚያ በኋላ ይህን ቃላቸውን ያስታወሳቸው ሰው ቢኖር፥ «ትክክል ተናግሬ ነበር፤ መልሱን ግን ስቼ ነበር» ይሉታል።

ልጁም ደብተሩን አልጣለውም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ቀኑና ክብደቱ ተጽፎአል፤ ከእርሱ በታች ምንም የለም። አያትየዋም እጣናቸውን እንደ ገና በቤት ውስጥ ማጤስ ይችላሉ። ወይዘሮዋ እንደ ነገሩን ግን፥ በመጀመሪያው ወር ረከቦቱን ይዘው ከልማድ የተነሣ ወደ በረንዳ ይወጡ ነበር።